አለ ወይስ የለም

ኑራ ከእናቷ ጋር አንድ ትሪ ላይ ቁርሷን በልታ፣ ከአንድ ፔርሙስ ሻይ ጠጥታ ትወጣለች፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ እናቷ ሱቅ ትመጣና ባንኮኒው ፊት እንደ ባዳ ቆማ «እንደምን ዋሉ? ሳሙና አለ ወይስ የለም?» ብላ ትጠይቃለች። ይህ የሚሆነው በወር አንድ ቀን ነው። በዚያ ቀን ቅጹ «እርስዎ» ስለሚል እናቷን እርስዎ ትላለች። እናቷ ሱልጣናም በዚያ ቀን ልጇን በስሟ አትጠራም፤ የተጠየቀችውን ብቻ ትመልሳለች። ከመመለሷ በፊት ግን ሁልጊዜ ትንሽ ትጠብቃለች፤ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ቀድሞ እንዲመልስ ተራ የምትለቅ ይመስላል። አጠገቧ የተቀመጠ ሰው የለም።

የካቲት የገባበት የመጀመሪያው ቅዳሜ ነበር፤ ደባርቅ ላይ ቅዳሜ ገበያ ነው። ሌሊት የወረደው ውርጭ ከጣራው ቆርቆሮ ላይ ገና አልለቀቀም። ሱልጣና የታጠበ ሻሽ አስራ፣ ዳቦውን ቆርሳ ለልጇ እየገፋች፣ «ዛሬ ነው አይደል?» አለች። ኑራ ዛሬ መሆኑን ነገረቻት። «በስንት ሰዓት ትመጫለሽ?» «ከገበያው ስመለስ፤ አምስት ሰዓት ገደማ።» «እንግዲያው ቶሎ ከፍቼ አቧራውን ልወልውል።» ኑራ ሌላም የምትናገረው ነበራት። ትናንት ወደ ማታ ከጎንደር ተደውሎላት ነበር፤ የመሥሪያ ቤቷ ተቆጣጣሪ አቶ ሀብተ ሚካኤል የሰበሰበችውን ዋጋ እየተከተለ ሊያመሳክር እንደሚመጣ፣ ከጠዋት ጀምሮ ዳባት ሠርቶ ወደ ቀትር ደባርቅ እንደሚደርስ ነግሯት ነበር። «ሦስቱንም ሱቆች አያቸዋለሁ» ብሏታል። ይህን ልትነግራት አፏን ከፍታ ሻይ ጠጣችበት። ከዚያ ታብሌቷን፣ የምታንጠለጥለውን ሚዛንና ባዶ ፌስታል ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች።

ሥራዋ ዋጋ መጠየቅ ነው። በየወሩ መጀመሪያ ከገበያው የእህልና የአትክልቱን፣ ከሦስት ሱቆች ደግሞ የአሥራ አንድ ዕቃዎችን ዋጋ ትመዘግባለች። ሱቆቹ አይቀያየሩም፤ ዕቃዎቹም አይቀያየሩም፤ ያው ሳሙና፣ ያው መጠን፣ ያው መደርደሪያ። ነገሩ ሁሉ የቆመው በዚህ ነው፤ ባለፈው ወር የጠየቅኸውን ራሱን ነገር በዚህም ወር ካልጠየቅህ ዋጋው ተነሣ ወይስ ዕቃው ተለወጠ የሚለውን አታውቅም። የሦስቱ ሱቆች ዋጋ ተደምሮ ለሦስት ይካፈልና የደባርቅ ይሆናል፤ የደባርቅ ከሌሎች ከተሞች ጋር ተሰብስቦ አዲስ አበባ ላይ አንድ ቁጥር ይሆንና የወሩ የዋጋ ንረት ተብሎ በቴሌቪዥን ይነገራል። ቁጥሩ በሚነገርበት ምሽት ሱልጣና የያዘችውን ሥራ አቁማ ታዳምጣለች። «የያሕያም አለበት?» ትላለች፤ የባሏን ማለቷ ነው። «አለበት» ትላለች ኑራ። ሱልጣናም ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ገበያው ገና እየሞላ ነበር። ከየቀበሌው የመጡት አህዮቻቸውን አራግፈው፣ ማዳበሪያ ጆንያ አንጥፈው፣ ድንቹንና ነጭ ሽንኩርቱን በመደብ በመደብ ይቆልላሉ። ታንጉት የምትባለው ድንች ሻጭ ኑራን ከሩቅ አይታ ለጎረቤቷ፣ «መጣች ጠይቃ የማትገዛዋ» አለች፣ እንድትሰማ አድርጋ።

«እንደምን አደሩ እማማ ታንጉት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። መደቡ ሠላሳ ነው፤ ያው ነው፤ አልጨመርሁም። ጻፊ።»

ኑራ አንዱን መደብ ፌስታል ውስጥ ከትታ ሚዛኑ ላይ ሰቀለችው። ባለፈው ወር ሠላሳ ብር የተባለው መደብ አንድ ኪሎ ከመቶ ግራም ነበር። ዛሬ ስምንት መቶ አርባ ሆነ። ቁጥሩን አስነበበቻት።

«ዋጋው ያው ነው እማማ፤ ድንቹ ነው የቀነሰው።»

«ድንቹማ ምን ያድርግ፤ እሱም ኑሮ ከብዶት ከሳ» አለች ታንጉት። ጎረቤቶቿ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ድንቹን ተቀብላ ከመደቡ ላይ ስትመልስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሠላሳን ሰው ለምዶታል፤ ልጄ። አርባ ብዬ ብጠራ የሚቆምልኝ የለም። የለመዱትን ስም ትጠሪላቸዋለሽ፤ ምን ያህል እንደሰጠሻቸው ግን ለራስሽ ታውቂዋለሽ።»

ኑራ ይህን እየመዘገበች፣ አንድ ኪሎውን ሠላሳ አምስት ብር ከሰባ አንድ እያለች እያሰላች፣ ጆሮዋ ግን ስልኳ ላይ ነበር። ስልኳ ሁለት ጊዜ ጮኸ። «ዳባት ጨርሻለሁ» አላት ሀብተ ሚካኤል፤ «መኪናው ሰው እስኪሞላ ነው።»

ከገበያው ወጥታ ባሽር ሱቅ ደረሰች። ባሽር ከሦስቱ ባለሱቆች አንዱ ነው፤ የአባቷ ወዳጅ የነበረ፣ ሱቁም ከአባቷ ሱቅ ፊት ለፊት አስፋልቱን ተሻግሮ ያለ፣ ነገር ማጣፈጥ የሚወድ ሰው።

«ዛሬ ደግሞ በምን ልትከስሺኝ ነው?» አላት።

«ሳሙና አለ ወይስ የለም?»

«አለ። ስልሳ አምስት። ባለፈው ወር ስልሳ ነበር፤ አንቺ ሳትይኝ ልናዘዝ። ዘይቱም ሁለት መቶ ዘጠና ገብቷል። ከጎንደር ያስጫንሁት ሦስት ቀን መንገድ ላይ ነው፤ ሲደርስ ደግሞ ምን እንደምልሽ እንጃ።» አሥራ አንዱን ዕቃ አንድ በአንድ ጠርቶ ከጨረሰ በኋላ ክርኑን ባንኮኒው ላይ አድርጎ ወደ እሷ ዘንበል አለ። «ያ የጎንደሩ ሰውዬ ዳባት የእህቴ ባል ሱቅ ገብቶ ነበር አሉኝ። ዋጋ ጠየቀው፤ ነገረው፤ ከዚያ ‹እንግዲያው አንድ ስጠኝ› ብሎ ብር አውጥቶ ገዛው። ሁሉም ሱቅ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ‹አፍማ ሁሉን ይሸጣል› አለው አሉ።»

ኑራ የታብሌቷን ማያ በእጅጌዋ ጠረገችው። ንጹሕ ነበር።

«እትዬ ሱልጣና ጋ ይገባል?» አለ ባሽር።

«ይገባል።»

«እንግዲህ።» ወደ ማዶ ተመልክቶ ቀጠለ። «ትናንት የዘበኛው ሚስት ሳሙና ፈልጋ እናትሽ ጋ ሄደች። ‹አለ?› አለች፤ ‹አለ› አሏት። ‹ስንት ነው?› ስትል ‹ሠላሳ ስምንት› አሏት። ደስ ብሏት ብሩን ስታወጣ ‹የሰው ነው› ብለው መለሷት። እዚህ መጥታ በስልሳ አምስት ገዛችና የረገመችው ማንን መሰለሽ? እኔን። እሳቸውንማ ማን ይረግማል።»

የሆነው እንዲህ ነበር። አባቷ ያሕያ ባለፈው ሰኔ መጨረሻ ሞተ። ሱልጣና ዒዳዋን፣ ባል የሞተባት ሴት የምትቆየውን አራት ወር ከአሥር ቀን፣ ቤት ስትቀመጥ ሱቁ ዝግ ሆነ። እሱ በሞተ በወሩ የብር ምንዛሪ ተለወጠና በየሱቁ ያለው ዋጋ በሳምንት ውስጥ ተነሥቶ ቆመ፤ ከዚያም እንደገና ተነሣ። በተዘጋው ሱቅ ውስጥ ግን ምንም አልተነሣም። ያሕያ የዕቃውን ዋጋ ከካርቶን በቆረጣት ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፎ ከመደርደሪያው ጠርዝ ላይ የሚለጥፍ ሰው ነበር፤ ሳሙና ሠላሳ ስምንት፣ ዘይት መቶ ሰባ አምስት፣ ስኳር ዘጠና ስድስት። ሱልጣና ኅዳር አጋማሽ ላይ ሱቁን ስትከፍት በዚያው ወረቀት ሸጠች። ወሬው በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰ፤ ሰው እየተጋፋ ገዛ፤ የዳባት ነጋዴም መጥቶ በካርቶን ወሰደ። በስድስተኛው ቀን ከእያንዳንዱ ዕቃ አንድ አንድ ብቻ ሲቀር ሱልጣና መሸጥ አቆመች። ባሏ ባስቀመጠው ዋጋ በእውነት የተሸጠው በዚያች ሳምንት ብቻ ነበር፤ የኑራ መመዝገቢያ ቀን ደግሞ እዚያች ሳምንት ላይ አልወደቀም።

የኑራ ጥፋት ግን ከዚያ ይቀድማል። ሐምሌ ሲገባ ታብሌቱን ስትከፍት «መረጃ ሰጪው ያሕያ ናቸው?» ብሎ ጠየቃት፤ ሥሩ ሁለት ምርጫ አለ፣ አዎ እና አይደለም። አይደለም ብትል ምክንያቱን ይጠይቃል፤ ከምክንያቶቹ ሦስተኛው «ሞት» ነው። አዎ አለች። ከዚያ የሱቁን ቁልፍ ከእናቷ ራስጌ አንሥታ ሄደች፤ በሩን ገርበብ አድርጋ ገባች፤ በጨለማው ውስጥ በስልኳ መብራት የአባቷን ጽሕፈት እያነበበች አሥራ አንዱን ሞላች። መመሪያው ዕቃው በዓይን ይታይ ይላል፤ አይታዋለች። ዋጋው ከባለሱቁ ይገኝ ይላል፤ ከባለሱቁ እጅ ነው ያገኘችው። ነሐሴም፣ መስከረምም፣ ጥቅምትም፣ ኅዳርም እንዲሁ ገባች። ታኅሣሥና ጥር እናቷ ተቀምጣ መለሰችላት። «ለሽያጭ የቀረበ» የሚለውን የመመሪያውን መስመር ኑራ ደህና አድርጋ ታውቀዋለች፤ አዳዲስ ሠራተኞች ሲመጡ የምታስረዳው እሷ ናት። ለእናቷ ግን «ሽጪልኝ» ብላ አታውቅም። ስለዚህ የደባርቅ ሳሙና በጥር ወር ስልሳ፣ ስልሳ አራትና ሠላሳ ስምንት ተደምሮ፣ ለሦስት ተካፍሎ ሃምሳ አራት ብር ሆነ። በሃምሳ አራት ብር ሳሙና የገዛ ሰው ደባርቅ ውስጥ አልነበረም።

አስፋልቱን ተሻገረች። ሱቁ ተወልውሎ፣ ሁለቱም መዝጊያ ወለል ብሎ ተከፍቷል። በባዶው መደርደሪያ ላይ አሥራ አንዱ ዕቃ በእኩል ርቀት ተቀምጧል፤ አንድ ሳሙና፣ አንድ ዘይት፣ አንድ ፓስታ፣ በየሥራቸው ቀዩ ቁጥር። ሱልጣና ባሏ በነበረበት ጊዜ ትቀመጥበት ከነበረው ከግድግዳው ጥግ ተቀምጣለች። የባንኮኒው መኻል ባዶ ነው፤ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ወደዚያ ወደ መኻሉ ነው የሚናገረው።

«እንደምን ዋሉ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ሳሙና አለ ወይስ የለም?»

ሱልጣና ጠበቀች። «አለ።»

«ስንት ነው?»

«ሠላሳ ስምንት።»

ኑራ አልጻፈችም። ከኪሷ ብር አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። «አንድ ይስጡኝ» አለች።

እናቷ ብሩን አየች፤ ከዚያ ልጇን። «ቅጹ ላይ እንዲህ ይላል?» አለች።

«አይልም።»

«ቤት ሳሙና አለ እኮ። ትናንት አምጥቻለሁ።»

«ከየት?»

«ከባሽር።»

«በስንት?» አለች ኑራ፤ ከዚያ ሳታስበው «በስንት ገዛሽው፣ እማ?» አለች።

«በሚሸጥበት።» ሱልጣና ጨርቋን አንሥታ የተወለወለውን ባንኮኒ ደግማ ወለወለች። ኑራ ያን ጊዜ ሁሉንም ነገረቻት፤ ሰውዬው ዛሬ እንደሚመጣ፣ ከየሱቁ አንዳንድ ዕቃ እየገዛ እንደሚያይ፣ እዚህ ካልተሸጠለት የሰባት ወሩ ጽሑፏ ሁሉ ሐሰት እንደሚሆን፣ ሐሰት የጻፈ ሰው ውሉ እንደሚቋረጥ። እናቷ ጨርቁን አጣጥፋ አስቀመጠች፤ ፈታችው፤ ደግማ አጣጠፈችው። «አንድ ሳሙና እኮ ነው እማ» አለች ኑራ።

«አንድ ስለሆነ ነው እንጂ» አለች ሱልጣና። «ሸጬ በቦታው ምን ላስቀምጥ? በስልሳ የመጣ ሳሙና ሠላሳ ስምንት ከሚል ወረቀት ላይ አይቀመጥ። ወረቀቱ መቀየሩ ነው። ማን ይጽፈዋል?»

ብሩ ባንኮኒው ላይ በሁለቱ መካከል ቀረ፤ አንዷም አላነሣችውም። መንገዱ ላይ የጭነት መኪና ወደ ሊማሊሞ ሲያልፍ መደርደሪያው ተንቀጠቀጠና አሥራ አንዱ ዕቃ በያለበት ትንሽ አንኳኳ። እናትና ልጅ እስኪያቆም ድረስ ዕቃውን ያዩ ነበር።

ሀብተ ሚካኤል ስድስት ሰዓት ሲሆን መጣ። ቀጭን፣ ኮቱ ላይ የመንገድ አቧራ ያለበት፣ የቆዳ ቦርሳውን እንደ ሕፃን ያቀፈ ሰው ነው። ባሽር ሱቅ ቀድሞ ገብቶ ኖሮ የገዛውን ሳሙና በእጁ ይዟል። ለኑራ ራሱን ነቅንቆ ሰላም አላትና እንደማንኛውም ሰው ወደ ባንኮኒው መኻል ተናገረ።

«ሰላም ለዚህ ቤት። ጋሽ ያሕያ አሉ?»

ኑራ ልትቀድም ፈልጋ ወደ ባንኮኒው አንድ እርምጃ ተጠጋች። ሱልጣና እንደ ልማዷ ጠበቀች።

«የሉም» አለች።

«ገበያ ወጥተው ነው? ግድ የለም፤ እቆያለሁ፤ ቀኑ ገና ነው። መቼ ይመለሳሉ?» ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቦርሳውን ፈታ። የሚጠብቅ ሰው ወግ ይወዳልና ቀጠለ። «ይህን ሱቅ መጀመሪያ የመዘገብሁት እኔ ነኝ፤ አምስት ዓመት አለፈው። አንድ ሰዓት ሙሉ ነው የተከራከሩኝ። ‹ዋጋዬን ለምን ትፈልገዋለህ? ከገዛህ ግዛ› ብለው።»

ሱልጣና ከጥጓ ወደ ፊት ጠጋ አለች። ከሰኔ ወዲህ ስለ ያሕያ የሰማችው የመጀመሪያው አዲስ ነገር ነበር። «ምን ብለው መለሱለት?» አለች።

«‹ሰው ምን ያህል እንደከበደው የምናውቀው በዚህ ነው› አልኋቸው። ትንሽ አሰቡና ‹እንደዚያ ከሆነ ጻፍ፤ እኔ አልዋሽህም› አሉኝ።»

መንገዱ ላይ ሰው እየተነጋገረ አለፈ። ሱልጣና እጆቿን ጭኗ ላይ አኑራ፣ የሰማችውን ቃል በአፏ ውስጥ የምታገላብጥ መሰለች።

«ሞቷል» አለች። «በሰኔ ነው የሞተው። ሰኔ ሃያ ሁለት።»

ሀብተ ሚካኤል ተነሣ። ቆቡን አወለቀ፤ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አለ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ኑራ ሄደ፤ ከኑራ ወደ ታብሌቷ። «መረጃ ሰጪ ያሕያ ይላል» አለ። «በየወሩ። አዎ ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ኑራ ያሕያ» አለ ቀስ ብሎ፣ ስሟን ገና ዛሬ እንደሚያነበው። «ያሕያ ብዙ ነው ብዬ ጠይቄሽ አላውቅም። ሐምሌን ማን መለሰልሽ?»

«ሱቁ ዝግ ነበር። በቁልፍ ገብቼ ወረቀቱን አነበብሁ።»

ሱልጣና ልጇን ቀና ብላ አየቻት። ቁልፉ ከራስጌዋ እንደሚነሣ አላወቀችም ነበር፤ ወይም ዐውቃ ዝም ብላለች። ይህንንም ሁለቱ ተነጋግረውበት አያውቁም።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ሥራዬን ልጨርስ» አለ ሀብተ ሚካኤል። ወደ መኻሉ ሳይሆን ወደ ጥጉ፣ ወደ ሱልጣና ዞሮ ቆመ። «ሳሙና አለ?»

«ማዶ አለ። ስልሳ አምስት ነው።»

«የማዶውን ገዝቻለሁ። እዚህስ?»

ሳሙናው ከእሱ ክንድ ርቀት ላይ፣ ከቀዩ ቁጥር በላይ ተቀምጧል። ሁሉም ያዩታል። ሱልጣናም አየችው። በዚህ ጊዜ አልጠበቀችም።

«እዚህ የለም።»

«ዘይትስ?»

«የለም።»

ሌላ አልጠየቀም። የራሱን ወረቀት ላይ አንድ መስመር ጽፎ አጠፈው። ኑራ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ሸኘችው። እሷ ይቆጣል ብላ ስትጠብቅ ድምፁ የሒሳብ አስተማሪ ድምፅ ነበር። «ሳሙናውን ሃምሳ አራት ብለን ላክን» አላት። «እዚህ የሚኖረው ሰው ያላየውን ርካሽ አይቷል ብለን ጻፍን። ደሞዙ አልበቃው ብሎ ሲያለቅስ የሰማው ሁሉ ወረቀታችንን አይቶ ‹ደባርቅማ ይሻላል› ይላል።» ቦርሳውን አስተካክሎ አቀፈና፣ «ሰባቱን ወር ራስሽ አርሚው። በየወሩ አሥራ አንዱንም። ያልተሸጠውን ‹የለም› በይው። ዛሬ ላኪው፤ ኔትወርክ ሳይጠፋ። እኔ ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ውልሽን የሚወስኑት ሌሎች ናቸው።»

«ያቋርጡታል?»

«ሊያቋርጡት ይችላሉ። ሐዘን ላይ እንደነበርሽ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም። በትርፍ ወረቀት አያይዘዋለሁ።» ወደ ሦስተኛው ሱቅ መንገዱን ያዘ።

ኑራ ስትመለስ ከባንኮኒው ፊት አልቆመችም። በጎን ያለችውን ዝቅተኛ በር ከፍታ ገባች። እናቷ «ምን አለሽ?» አለቻት። ነገረቻት። ሱልጣና አሥራ አንዱን በሰባት በአእምሮዋ አባዛችው፤ የነጋዴ ሚስት ናት። «ሰባ ሰባት ጊዜ የለም ልትይ ነው» አለች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ባለሱቁ ይመልስ አይደል የሚለው ቅጹ?» ከጥጉ ተነሥታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ከባንኮኒው መኻል መጥታ ተቀመጠች። ሰባት ወር ማንም ያልተቀመጠበት ነው።

ታብሌቱ መረጃ ሰጪው ያሕያ ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። ኑራ አይደለም አለች። ምክንያቱን ጠየቀ፤ ሦስተኛውን ነካች። አዲስ ስም ጠየቀ፤ ሱልጣና ብላ ጻፈች። ከጥር ጀመሩ። ኑራ የዕቃውን ስም ትጠራለች፤ እናቷ ትመልሳለች።

«ሳሙና።»

«የለም።»

«ዘይት።»

«የለም።»

ታኅሣሥ ላይ ሲደርሱ አንዲት ሴት ከደጅ ቆማ አዳመጠቻቸውና ሳትጠይቅ ሄደች። ኅዳር ላይ የሱልጣና ድምፅ ሻከረ። ኑራ፣ «ይብቃሽ፤ ሌላውን እኔ ልሙላው» አለቻት፤ አሻፈረኝ አለች። ጥቅምትን አንድ በአንድ መለሰች፤ መስከረምን፣ ነሐሴን መለሰች። አንዳንዱን ስትመልስ መደርደሪያውን ቀና ብላ አየችው፤ ኋላ ኋላ ማየቱን ተወች። ገበያተኛው አህዮቹን እየነዳ በደጃቸው ወደ ሀገሩ ሲመለስ ሐምሌ ላይ ነበሩ። የመጨረሻው ዕቃ ክብሪት ነው።

«ክብሪት።»

«የለም።»

ኑራ ላከችው። ማያው ላይ ክቧ ለረጅም ጊዜ ዞረች፤ ከዚያ ደረሰ አለ። ታብሌቱን ልትዘጋ ስትል እናቷ ክንዷን ያዘቻት።

«ሰኔስ?» አለች።

ኑራ ሰኔን ከፈተችው። የሰኔ የመጀመሪያ ሳምንት፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ። አሥራ አንዱም ተሞልቷል። ያን ቀን አባቷ ስኳሩን እየቋጠረ፣ ቀና ሳይል፣ የምትጠራለትን ሁሉ ራሱ ነበር የመለሰላት። ታብሌቱን ወደ እናቷ አዞረችላት።

«ሰኔ አለ» አለች።